ከመቅደላ እስከ ዲማ፦ ራስን ማጥፋትና ሴት በኪነ ጥበባችን

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ካለፉ ወዲህ የአማርኛ ግጥም፣ ልብ ወለድና ቴያትር ስለዚያች ቀን ተናግሮ አልጠገበም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ለመድረክ ጻፈው፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» አለው፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ብሎ አሰፋው፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በራሱ ድምፅ መለሰው። ሠዓሊው ሳለው፣ አዝማሪው አዜመው። ንጉሡ ለምን ሞቱ ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ መልስ አያጣም፦ ላለመማረክ፣ ለክብር፣ ለአገር።

በዚያ ቀን አምባው ላይ ሴቶችም ነበሩ። ከሁሉም አፍ የማይጠፋው የመቅደላ ሙሾ ግን ሴቶቹን አላውቃቸውም ይልና አንድ ወንድ ብቻ ቆጥሮ ያበቃል። ግጥሙ ንጉሡን ለማወደስ የተገጠመ ነው፤ ማወደሻው ያማረ ስለሆነ ማንን እንደጣለ ልብ የሚል ጥቂት ነው። ከተጣሉት አንዷ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ አባታቸውን ድል ነሥቶ ያሰረውን ንጉሥ ያገቡ፣ በወር ያህል ጊዜ ውስጥ ባልም፣ ዘውድም፣ አገርም አጥተው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት 1860 በመንገድ ላይ በሕመም ያለፉ ሴት። የወንዱ ሞት አንድ ቀን ለመቶ ሃምሳ ዓመት ሲተረክ፣ የሴቲቱ የመጨረሻ ወር ለአንድ ትዕይንት እንኳ አልበቃም።

ይህን ያነሣሁት ንጉሡን ለማሳነስ አይደለም። ኪነ ጥበባችን ራስን ስለ ማጥፋት ሲናገር ሁለት ሚዛን እንደያዘ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መነሻ ስለሌለ ነው። ወንድ በገዛ እጁ ሲሞት ምክንያት ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም አደባባይ የሚወጣ ነው። ሴት ስትሞት ስሜት ይሰጣታል፤ ፍቅር፣ እፍረት፣ ክህደት። ሌላው ሁሉ፣ ያለ ዕድሜ የተሰጠችበት ትዳር፣ የአማት ቤት፣ የሚደበድብ እጅ፣ መሄጃ ማጣት፣ ከሥዕሉ ክፈፍ ውጭ ይቀራል። ከዚህ በታች የምቃኘው ይህ ሚዛን በየዘመኑ እንዴት እንደተያዘና የት የት ላይ እንደተናጋ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ካልተገለጸ በስተቀር በኛው አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግለት በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ያለ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ስለዚህ ቤተሰብ ሞቱን ይደብቃል፤ ድንገት ታመመች፣ ወደቀች ይባላል፤ ለቅሶው በዝቅተኛ ድምፅ ያልፋል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በገዛ እጁ ሲሞት የሚሳለው ይሁዳ ነው፤ እሱም ለነቀፌታ። መቅደላ ላይ ግን ንጉሡ በአምባው ቤተ ክርስቲያን ተቀብረዋል። ሕጉ ለታላቅ ወንድ ሲላላ ታይቷል። ለገበሬ ሚስት ሲላላ የተጻፈበት ቦታ አላገኘሁም።

ለሴት የተተወላት በር ሌላ ነበር፤ ምንኩስና። የወለተ ጴጥሮስ ገድል ይህን በር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ የንጉሡን ባለሟል መልክአ ክርስቶስን ያገባች የመሳፍንት ልጅ ትዳሯን ጥላ፣ ቆብ ደፍታ፣ የካቶሊክን እምነት ተቃውማ፣ በጣና ዙሪያ ማኅበር መሥርታ ኖረች። ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን ጻፈ። ሴት ከባሏ ቤት በክብር መውጣት የምትችልበትን መንገድ እንዲህ በዝርዝር የጻፈ አገርኛ ድርሳን ጥቂት ነው። መንገዱ ግን ዋጋ አለው። መናኝ ቆብ ሲደፋ ተገንዞ፣ እንደ ሙት ሆኖ፣ የሙታን ጸሎት ይደረስበታል። በቁሙ ይሞታል ማለት ነው። በገዛ እጇ ያለፈችው ሴት የምትከለከለው ፍትሐት፣ ዓለምን ጥላ ለምትወጣው በሕይወቷ ሳለች ይሰጣታል። ስለ ጎጃም የተጻፈው ትልቁ ልብ ወለድ የቆመው በዚህ ሥርዓት ላይ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተመውን «ልብ ወለድ ታሪክ» ማለፍ አይቻልም። የዘጌው ሰው ጦቢያን ወንድ አስመስሎ አልብሶ አገር አስዞራት። የአማርኛ ልብ ወለድ የመጀመሪያዋ ሴት ባለታሪክ ከመከራ የምታመልጠው ሴትነቷን በመሸፈን ነው። ብርሃን ያለበት አጀማመር ነው፤ ቢያንስ አልሞተችም፣ ተጓዘች፣ አተረፈችም።

ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1958፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ልጅ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን በዚያው አገር ገዳማትና አድባራት የተማሩ። ታሪኩ የሚያልፍበት፣ ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ለሳቸው የምናብ ቦታ አልነበረም፤ ቅኔውን፣ ደብተራውን፣ የመሳፍንቱን ኩራት፣ የባላገሩን ምሬት ያውቁታል። በልብ ወለዱ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል ለክብራቸው የሚመጥን ባል እያጡ ዕድሜዋን አስፈጇት። እንድትማር ብለው ያመጡላት መምህር በዛብህ የድሃ ልጅ ነው፤ ደግሞም እናትና አባቱ ለእግዚአብሔር የተሳሉት። ሰብለ ወንጌል የተጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የአባቷን የዘር ሐረግ እንድትሸከም። ፍላጎቷን የጠየቃት የለም።

በሌላ አገር ደራሲ እጅ ቢሆን ይህች ልጅ በመጨረሻው ምዕራፍ ራሷን ታጠፋ ነበር። የአውሮፓ 19ኛ መቶ ክፍለ ዘመን ልማዱ ይኸው ነበር፤ የፍሎቤር ማዳም ቦቫሪ፣ የቶልስቶይ አና ካሬኒና። ከማኅበረሰቡ ሥርዓት የወጣችን ሴት የሚያስተናግዱበት ሌላ ፍጻሜ ደራሲዎቹ አጡላት። ሐዲስ ያን አላደረጉም። ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከቤት ጠፋች፤ በረሃ አቋረጠች፤ የምትወደውን በዛብህን በሞት አፋፍ አገኘችው፤ ከዚያ በኋላ መንኩሳ ከመቃብሩ አጠገብ ኖረች፣ በተራዋም እዚያው ተቀበረች። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተርከው ያለቀሰ ሕዝብ ያለቀሰው ለፍቅራቸው ነበር። እኔ ደግሞ እያነበብኩ ቆም የምለው እዚያች የመቃብር ጎጆ ላይ ነው። ደራሲው ሴቲቱን ከመሞት አድነዋታል፤ መኖር ግን አልሰጧትም። የወለተ ጴጥሮስ ቆብ ማኅበር መሥራት፣ ማስተማር፣ ንጉሥን መቃወም ነበረው። የሰብለ ቆብ መቃብር መጠበቅ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። በዚያ መጽሐፍ ስለ ሥርዓቱ ብልሹነት የሚያስበውና የሚናገረው ጉዱ ካሳ ነው። የሥርዓቱን ሸክም በገላዋ የተሸከመችው ሰብለ ስትሆን የመተንተኑ ሥራ ግን ለወንዱ ተሰጠ። ባለታሪኮቹ ሁሉ ስለሷ ይነጋገራሉ፤ እሷ ስለ ራሷ የምትለው በአብዛኛው በፍቅር ቋንቋ ነው። ሐዲስን ለመውቀስ አይደለም፤ በ1950ዎቹ ከዚህ በላይ ለሴት ባለታሪክ የራራ አማርኛ ጸሐፊ ለመጥራት እቸገራለሁ። ነገር ግን ትልቁ ልብ ወለዳችን ያቆመው ልክ ከዚያ በኋላ ለመጡት ሁሉ ልክ ሆኖ ቀረ፤ የሴት ሥቃይ በፍቅር ስም ካልተጠራ አይሰማም።

በዚያው ዘመን ትርጉም የሚባለው መስኮት ሌላ አየር አስገባ። ከበደ ሚካኤል በ1940ዎቹ «ሮሚዎና ዡልየት»ን ወደ አማርኛ መለሱ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1960ዎቹ «ሐምሌት»ን። የሐምሌት ነገር ለኛ አገር ተመልካች ከእንግሊዙ ይልቅ የሚቀርበው አንድ ትዕይንት አለው። ሐምሌት ስለ ሞት ሲያስብ ፈላስፋ ነው፤ ንግግሩም የዓለም ሀብት ሆኗል። የሚወዳት ኦፌሊያ ስትሞት ግን ሞቷ ከመድረክ ውጭ ሆኖ በሌላ ሴት አፍ፣ በአበባና በውኃ ተጌጦ ይነገረናል። ከዚያም መቃብር ቆፋሪዎቹ የክርስቲያን ቀብር ይገባታል አይገባትም ብለው ይከራከራሉ፤ ቄሱም ጸሎቱን ያሳጥራል። ይህ ክርክር በደብረ ወርቅም በሞጣም ደጀ ሰላም ሊሰማ የሚችል ነው። ሼክስፒር ከ400 ዓመት በፊት ያነሣው ጥያቄ እዚህ አገር ዛሬም አልተዘጋም።

እ.ኤ.አ. በ1852 እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሚሌ ኦፌሊያን በውኃ ላይ ተንሳፋ ሳላት። ለሥዕሉ ሞዴል የሆነችው ኤሊዛቤት ሲዳል በገንዳ ውኃ ውስጥ እየተኛች ነበር የምትሳለው፤ ውኃውን የሚያሞቁት መብራቶች ጠፍተው ሠዓሊው ሳያስተውል ቀርቶ ክፉኛ ታመመች። የሞተችን ሴት ውበት ለማሳየት በሕይወት ያለችውን ሴት አንቀጠቀጧት። ሥዕሉ ዛሬም ለንደን ውስጥ ሕዝብ የሚሰለፍለት ነው። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ከቆንጆ ሴት ሞት የበለጠ ለግጥም የሚመች ነገር የለም ብሎ በጽሑፍ ተከራክሮ ነበር። ይህ አስተሳሰብ በፊልምና በተከታታይ ድራማ ተጭኖ እኛም ዘንድ ደርሷል።

የደርግን ዘመን በፍጥነት አልፋለሁ። አብዮቱ ሴትን በፖስተር ላይ ጠመንጃና መዶሻ አስያዛት፤ በ1972 ብሔራዊ የሴቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ የግል ሐዘን የቡርዧ ድካም ተብሎ ከመድረክ ራቀ። ያ ዘመን ስለ ሴት ውስጣዊ ሕይወት ያተረፈልን ነገር ጥቂት ነው።

ነገር ግን እዚያው ዘመን ውስጥ፣ ከዓባይ በረሃ ማዶ ባለው ደጋ፣ የጥኖራ ላይ፣ ሌላ መዝገብ ይጻፍ ነበር፤ ያውም ያለ ብዕር። የጥኖራ በአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበሯ የታወቀች ነበረች። ተመራማሪው ጌቴ ገላዬ የዚያን ማኅበር ገበሬዎች ቃል ግጥም ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2000 ጀርመን አገር በመጽሐፍ አሳትሟል፤ ከምሥራቅ ጎጃም ስለ 1989ኙ የመሬት ሽግሽግ የተገጠሙትንም አጥንቷል። ከሥራው የምንማረው ገበሬው ስለ መንግሥት የሚያስበውን በፉከራ፣ በቀረርቶ፣ በእንጉርጉሮና በለቅሶ ግጥም እንደሚናገር ነው። ፕሮፓጋንዳው አንድ ሲል ግጥሙ ሌላ ይላል።

የሴቷም መዝገብ እዚያው ነው። በወፍጮ ላይ ሌሊት የሚንጎራጎረው፣ በለቅሶ ቤት አልቃሿ የምታወርደው፣ ጥጥ እየተፈተለ የሚባለው። በጎጃም ሴቶች እንጉርጉሮ ውስጥ ሞትን መመኘት እንግዳ ነገር አይደለም። እዚያ ግን ሞት ስለ ፍቅር አይመጣም። ስለ አማት፣ ስለ ረኃብ፣ ስለ መካንነት ስድብ፣ በልጅነት ከእናት ጉያ ስለ መነጠቅ፣ ወላጆቿ ቤት ብትመለስ ማን እንደሚቀበላት ስለ ማጣት ነው። ደራሲዎቻችን ከክፈፍ ውጭ የተዉት ሁሉ በወፍጮው ድንጋይ ላይ በየሌሊቱ ይነገር ነበር። ኤሌክትሪክና ዲዝል ወፍጮ ከገባ ወዲህ ሴቶቹ ከከባዱ ሥራ አረፉ፤ ተመስገን ነው። ከድንጋዩ ጋር የሄደውን ግጥም ግን ማን ሰበሰበው? የወንዶቹን ፉከራ ለመሰብሰብ የወጣው ቴፕ ቀጂ ማጀት የገባው ስንት ጊዜ ነው? ይህ የጎጃም ዩኒቨርሲቲዎች፣ የደብረ ማርቆስም የባሕር ዳርም፣ ሥራ መሆን አለበት፤ የሚያስታውሱት አረጋውያን ደግሞ እያለፉ ነው።

ይህ የሴቶች መዝገብ ከእውነታው ጋር እንደሚስማማ አንድ ቁጥር ላንሣ። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች ግማሾቹ በ17.1 ዓመታቸው አግብተው እንደነበር አሳይቷል፤ የአማራ ክልል ከዚህም ዝቅ ይላል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ 18 ዓመትን ዝቅተኛ የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ደንግጓል። እንዲህ ባለ አገር ሴት ልጅ ስትሞት «በፍቅር ነው» ብሎ የሚደመድም ድራማ ወይ አላየም፣ ወይ ማየት አልፈለገም።

የኛ ፊልም የተጀመረው በሴት ስም ነው፤ «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957። ከ1990ዎቹ ወዲህ ዲጂታል ካሜራ ገብቶ ፊልሙ ሲበዛ የሴት ራስን ማጥፋት የተለመደ የታሪክ ማጠፊያ ሆነ። ቅርጹን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተከድታለች፣ ወይም ተደፍራለች፣ ወይም አርግዛ ተጥላለች። ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ሙዚቃ ይገባል። ከዚያ ካሜራው ወደ ወንዱ ይዞራል፤ የሚጸጸተው፣ የሚለወጠው፣ የሚማረው እሱ ነው። ሞቷ የሱ ትምህርት ሆነ። አርባ ደቂቃ ያየናት ሴት ከቀብሩ ትዕይንት በኋላ በፎቶግራፍ ካልሆነ አትታይም። ይህን የሚሠሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ለሴት መብት የቆሙ ይመስላቸዋል። ግን ሞትን ኃይለኛ መልስ አድርጎ ማሳየት በተመልካቹ መካከል ለተቀመጠች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምን እንደሚነግራት አላሰቡም፦ በሕይወት ሳለሽ ያልሰማሽ ሰው ስትሞቺ ይሰማሻል። ሐሰት ነው፤ አደገኛም ነው።

ይህን ቅርጽ የሰበረው «ድፍረት» ነው። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ታሪኩ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከደረሰ እውነተኛ ጉዳይ የተወሰደ ነው፤ ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ፣ በሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ተከራክራ ነፃ ወጣች። በዚያ ጊዜ የሚሠራበት የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ክሱ እንዲቀርለት የሚፈቅድ ነበር። በቀድሞው የኪነ ጥበብ ልማድ የተጠለፈች ልጅ ወይ ትዳራለች፣ ወይ ራሷን ታጠፋለች። እዚህ ግን ፍርድ ቤት ቆመች። ሞቷን ሳይሆን ክርክሯን አየን። ሆኖም ፊልሙ ነሐሴ 2006 አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል እውነተኛዋ ባለታሪክ ፈቃዴን ሳትጠይቁ ታሪኬን ወሰዳችሁ ብላ በፍርድ ቤት አሳገደችው። በኋላ ዕግዱ ተነሣ። የተናገረችው ግን ከፊልሙ እኩል ሊታወስ ይገባዋል፤ ስለ ሴት መከራ በጎ ሥራ መሥራት እንኳ እሷን ከመጠየቅ ነፃ አያወጣም።

ኃይሌ ገሪማም «ጤዛ» ውስጥ አዛኑን ሰጥቶናል። ልጇን በማጥፋቷ መንደሩ ያገለላት ሴት፤ ፊልሙ አልፈረደባትም፣ አልገደላትምም። ቀስ ብሎ ወደ ሰው አጠገብ መለሳት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2009 በኡዋጋዱጉ ታላቁን ሽልማት ሲያገኝ የተነገረው ስለ ምሁሩ አንበርብር ነበር። እኔ አዛኑን የዘመኑ ትልቅ የሴት ገጸ ባሕርይ አድርጌ ነው የማያት።

ቀሪው ምዕራፍ የባሕር ማዶው ነው። ሴኔጋላዊው ዑስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1966 ከዳካር ለቤት ሠራተኝነት ወደ ፈረንሳይ የሄደችውን የዲዋናን ታሪክ በፊልም ሠራ፤ በአሠሪዎቿ ቤት ራሷን ታጠፋለች። መነሻው በጋዜጣ የወጣ አጭር እውነተኛ ዜና ነው። ሴምቤን የጋዜጣውን ጥቂት መስመር ወስዶ ከመሞቷ በፊት የነበረውን እያንዳንዱን ቀን አሳየን፤ ደመወዟ መያዙን፣ በር መዘጋቱን፣ ስሟ መረሳቱን። ስለ ፍቅር አንዲት ቃል አልነበረም ባይባልም የሞቷ ምክንያት እሱ አልነበረም።

ከሞጣና ከቢቸና መንደሮች ሳይቀር ወደ ዓረብ አገር ልጆች የሚሄዱበት ዘመን ላይ ይህ ፊልም የኛ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ዘገባ ከጥር 2007 ጀምሮ ሊባኖስ ውስጥ ቢያንስ 95 ስደተኛ የቤት ሠራተኞች እንደሞቱና 40ዎቹን ኤምባሲዎቻቸው ራስን ማጥፋት ብለው እንደመዘገቡ ገልጿል፤ በሳምንት ከአንድ በላይ ሞት ማለት ነው። ከሟቾቹ መካከል የኛ ልጆች ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ስትጎተት በካሜራ የተቀረጸች ወጣት እናት ከሳምንታት በኋላ በሆስፒታል ራሷን ማጥፋቷ ሲሰማ አገር አለቀሰ። ስለ ዓረብ አገር ስደት ዘፈኑ፣ ድራማው፣ ግጥሙ ብዙ ነው። አብዛኛው ግን አስከሬን በሣጥን ሲመጣና እናት ስትጮኽ ይጀምራል። ሴምቤን የጀመረበት ቦታ፣ የታሠረ ደመወዝና የተዘጋ በር፣ ገና የራሱን አማርኛ ፊልም አላገኘም።

አሁን ደግሞ ዩቲዩብ አለ። አንዲት ሴት ራሷን ባጠፋች ማግሥት ፎቶዋ፣ የመጨረሻ መልእክቷ፣ የቤቷ ደጃፍ ይለቀቃል፤ እንዴት እንደሞተች በዝርዝር ይነገራል፤ ርዕሱ «በፍቅር የተነሣ» ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን እንደሚያጠፉ ይገምታል፤ በአብዛኛው አገር የሚሞቱት ወንዶች ይበዛሉ፣ የሚሞክሩት ሴቶች። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ከዋና ዋና የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። ድርጅቱ ለጋዜጠኞችና ለፊልም ሠሪዎች ባዘጋጀው መመሪያ የሚለው ግልጽ ነው፤ መንገዱን በዝርዝር አታሳዩ፣ ምክንያቱን አንድ አታድርጉት፣ ሞቱን መፍትሔ አታስመስሉት፣ እርዳታ የሚገኝበትን ተናገሩ። እኛ አገር በየቀኑ አራቱም ይጣሳሉ። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 542 ሌላውን ራሱን እንዲያጠፋ የሚያነሣሣና የሚረዳ ሰውን ይቀጣል። ሴት ልጅ ከሞተች በኋላ ግን ማን ገፋፋት ተብሎ ሲመረመር የምንሰማው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ የፍቅር ታሪክ ከተደረገ በኋላ ለፖሊስ የሚተርፍ ጥያቄ አይኖርም።

የስክሪፕት ጸሐፊ ወንድሜና እኅቴ ሆይ፤ ባለታሪካችሁን ለመግደል ብዕር ስታነሡ ከዚያ በፊት ያሉትን ስድስት ወራት ጻፉ። ማን አንኳኳላት፣ ማን አልከፈተላትም፣ ገንዘቧ በማን እጅ ነበር፣ ወላጆቿ ምን አሏት፣ ቄሱ ወይም ሼኹ ምን መለሱላት። ያን ጽፋችሁ ስትጨርሱ የመሞቷ ትዕይንት እንደማያስፈልጋችሁ ታዩት ይሆናል። አንባቢም፦ በቤታችሁ፣ በጎረቤታችሁ፣ በስልክ ማዶ ካለችው እኅት አፍ «ሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከወጣ ዘፈን አድርጋችሁ አትስሙት። አጠገቧ ሁኑ፣ በቀጥታ ጠይቋት፣ ብቻዋን አትተዉአት፣ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዛችኋት ሂዱ።